ምን ተልከህ ነው?

እማዬ ስትልከኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አታውቅም። ያደግኩት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። በራፍ ላይ ቆማ «ሂድና ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ክብሪት። ገንዘቡ ለቅዳሜ ነው በለው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ እንዳልረሳው መንገዱን ሙሉ እየደጋገምኩት እወርዳለሁ። ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ክብሪት፣ ገንዘቡ ለቅዳሜ። ግማሽ ኪሎ ስኳር…

ታዲያ ከቤታችን ወረድ ብሎ አንዲት እትዬ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። የተላከ ልጅ ሳይጠይቁ አያሳልፉም። «ና እስኪ የኔ ዓለም፣ ምን ተልከህ ነው?» ይሉኛል። እኔም ዱቤውን ጨምሮ እዘረግፈዋለሁ። እማዬ ጉዱን ያወቀችው እትዬ አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ገና አቦል ሳይወርድ፣ «ያን የቅዳሜውን ከፈልሽለት?» ብለው ሲጠይቋት ነው። የዚያን ቀን ማታ የሆነውን አልተርክም።

ይህን ሁሉ የሚያስታውሰኝ ፒኤስ የሚባል ኮማንድ ነው። የዩኒክስ ዘር በሆነ ማሽን ላይ ሁሉ አለ፤ ዩኒክስ ማለት ሊኑክስና ማክ የወረሱት የቆየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። አሁን የሚሠሩትን ፕሮሰሶች፣ ማለትም ሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ይዘረዝራል። ፕሮሰስ ማለት በቃ የተላከ ልጅ ነው። ስም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሲላክ የተነገረው ነገር አለ። ይህን የተነገረውን ነገር የሙያው ሰዎች አርጉመንት ይሉታል። ፒኤስን በትክክለኛው ምርጫ ካዘዝከው እንደ እትዬ ነው፤ እያንዳንዱን አስቁሞ ምን ተልከህ ነው ይለዋል። ሳታዘው ከቀረህ ስሙን ብቻ ይነግርህና ያልፋል።

እኔ ሳላዘው የቀረሁበት ቀን ነበር።

ጊዜው ሐምሌ 2016 ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሁሉም ቆጠራ ላይ የሚጣደፍበት ሰሞን። ደሴ ጉም ለብሳለች፣ የጦሳ ተራራ አይታይም። ኮምቦልቻ ያለ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ሰርቨር እጠብቃለሁ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታ ያከፋፍላሉ። ገንዘብ ያዧ ደወለች። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ቀጥ አለብን። ሰው ተሰልፏል።» ከቤቴ ሆኜ ገባሁ። ሰባት ፕሮሰስ ተደርድሯል፣ የሰባቱም ስም ፓይተን፣ የተጻፉበት ቋንቋ ስም። አንደኛው ሜሞሪውን ጠቅልሎ ይዞታል። ሌባው ተገኘ አልኩና በኪል ዘጠኝ አጠፋሁት። ኪል ዘጠኝ ማለት ዕቃህን ሰብስብ እንኳ ሳይባል ከቤት መባረር ነው። ሲስተሙ ወዲያው ነፍስ ዘራ። ገንዘብ ያዧ መረቀችኝ።

ሃያ ደቂቃ አልቆየም፣ እንደገና ቀጥ አለ። ከዚያ ደግሞ የመጋዘን ኃላፊው ደወሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስታርቅልን የነበረው ቆጠራ የት ገባ?»

የገደልኩት እሱን ነበር። የአምስት ሰዓት ሥራ።

ትክክለኛው ጥፋተኛ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፣ ብዙ ሜሞሪ ሳይበላ፣ የሽያጩን ሰንጠረዥ ቆልፎ። ያኔ ነው አርጉመንቱን የጠየቅኩት። ሪፖርት እንዲያወጣ ነው የተላከው፣ «ከ2016 ጀምሮ» ተብሎ። አንድ ሰው ያለፈውን ዓመት ሽያጭ ፈልጎ በእኛ አቆጣጠር 2016 ብሎ አስገብቷል። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። ስለዚህ ምስኪኑ ስምንት ዓመት ተኩል ወደ ኋላ ሄዶ እያንዳንዱን ካርቶን ሳሙና እየቆጠረ ነበር። አጥፊ ነው እንዳልል እንደተላከው ነው የሄደው። ስሙን መቶ ጊዜ ባየው ይህን አላውቅም ነበር። አርጉመንቱን አንዴ ሳየው ግን ሳቄ መጣ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ለእማዬ ነገርኳት። ስኒ እያጠበች ሰማችኝ። «ስሙን ብቻ አይተህ ገደልከው?» አለች። ሰው አይደለም እማዬ፣ ፕሮግራም ነው አልኳት። «ይሁና! ምን ተልኮ እንደሆነ አትጠይቀውም ነበር?»

እውነቷን ነው። የወሎ ልጅ ሆኜ በስም ብቻ መፍረዴ ራሱ ያሳፍራል። እኛ ጋ በስም የሚፈርድ ሰው ሲሳሳት ነው የሚውለው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ አጎት ሼህ ናቸው፣ አንዷ አክስት ደግሞ መስከረም 21 ሲደርስ ለግሸን ማርያም ስንቅ ይቋጥራሉ። የልጁ ስም የእስላም፣ የአባቱ የክርስቲያን ሆኖ ብታገኘው የሚገርመው ደሴን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሰው ጋ ብዙ እጠይቃለሁ። ማሽን ጋ ምን ነካኝ?

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ደስ የሚለው እሱ ነው።

ሊኑክስ ላይ ፕሮክ የሚባል ፎልደር አለ። ዲስክ ላይ የለም፤ በከፈትከው ሰዓት ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ እዚያው ሠርቶ የሚያሳይህ ነገር ነው። ውስጡ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር አለው። በዚያ ውስጥ ሲኤምዲላይን የምትባል ፋይል አለች። ፕሮሰሱ ሲላክ የተባለው ሁሉ እዚያ ነው። ፒኤስም አዋቂ ሆኖ አይደለም፣ እዚያች ፋይል ላይ ሄዶ ነው የሚያነበው።

እንዲህ ቀላል ያልነበረበት ዘመን ነበር። የጥንቱ ፒኤስ የከርነሉን ሜሞሪ በቀጥታ ይከፍትና ራሱ ይቆፍር ነበር። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ከመጠየቅ ይልቅ የሰው ጓዳ ገብተው ማሰሮ ሲከፍቱ አስበው። ለዚያም ልዩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ከርነሉ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ፒኤስም አብሮ መሠራት ነበረበት፣ ማሰሮው የቱ ጋ እንዳለ ይጠፋበታላ። ፕሮሰስን እንደ ፋይል እናሳየው የሚለውን ሐሳብ በ1984 ዩኒክስ በተወለደበት በቤል ላብስ ያመጣው ቶም ኪሊያን ነው፤ ስምንተኛው እትም ዩኒክስ ላይ። ፕላን ናይን የተባለው የዚያው ቤት ልጅ አሳደገው፣ ሊኑክስም ወረሰው። ሁሉም ግን አልተቀበሉትም። ማክ ላይ ፕሮክ የለም፣ ከርነሉን በሌላ በር ነው የምትጠይቀው። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላው የዩኒክስ ዘርም አሁን ወደዚያው ነው ያዘነበለው።

ሲኤምዲላይንን መጀመሪያ ጊዜ ካት በሚባለው ፋይል ማሳያ ኮማንድ የከፈተ ሰው ይደናገጣል። ቃላቱ ሁሉ ተጣብቀው ነው የሚመጡት። ተጣብቀው ግን አይደለም። በየመካከላቸው ዋጋዋ ዜሮ የሆነች አንዲት ባይት አለች፣ ተርሚናሉ፣ ኮማንድ የምንጽፍበት መስኮት፣ ስለማያሳያት ነው። ይህን ለተማሪ ሳስረዳ ሁሌ ሁለት ነጥብን ነው የምጠራው። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቃታል፤ በቃልና በቃል መካከል ቁጭ የምትለው ፡። እኛ ትተናት በባዶ ቦታ ተክተናታል። ዜሮዋ ባይት ያቺ ሁለት ነጥብ ናት፣ የማትታይ ሁለት ነጥብ። ትር በሚባለው ኮማንድ ወደ አዲስ መስመር ትቀይራትና ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ይልልሃል።

ለምን ባዶ ቦታ አልተጠቀሙም? መልሱ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ፋይላቸውን «የሰኔ ቆጠራ የመጨረሻ» ብለው ይሰይማሉ። (በኋላ ደግሞ «የሰኔ ቆጠራ የመጨረሻ እውነተኛው» መጥቷል።) ፒኤስ ይህን ሲያትመው ሦስት አርጉመንት ይሁን አንድ አይለይም። የፋይል ስም ውስጥ ባዶ ቦታ ይገባል፣ ሰረዝ ይገባል፣ ሌላም ብዙ ነገር ይገባል። ዜሮ ባይት ግን አይገባም። ስለዚህ በእሷ የተለየ ነገር አይምታታም። ስክሪፕት ስትጽፍ ከፒኤስ ህትመት ላይ ቃል እየቆረጥክ አትልቀም። ሄደህ ከምንጩ ቅዳ።

ስለ መቆረጥ ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ፒኤስ የተርሚናሉን ስፋት አይቶ የተረፈውን ይቆርጠዋል። ደብሊው የምትባለውን ምርጫ ሁለት ጊዜ ስትጨምርለት ነው ሙሉውን የሚያወጣው። አጭሩ የፕሮሰስ ስም ደግሞ ሊኑክስ ላይ ከ15 ባይት አይበልጥም። ለላቲን ፊደል 15 ፊደል ነው። ለእኛ ግን አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 5 ፊደል ብቻ ይሆናል። ፕሮግራምህን «ኮምቦልቻ» ብትለው ልክ ገጥሞ ይገባል። «መካነሰላም» ብትለው «መካነሰላ» ሆኖ ይቀራል። ሞክሬዋለሁ፣ ሥራ ፈት ነበርኩ።

ሶላሪስ በሚባለው ሌላ የዩኒክስ ዘር ላይ ከዚህ የባሰ ነበር። የተለመደው ፒኤስ ለረጅም ጊዜ 80 ፊደል ያህል ብቻ ይሰጥህና ይዘጋ ነበር። በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ የአርጉመንቱ መግቢያ ብቻ 80 ይበልጣል፤ ዋናው ነገር ሳይደርስ መጋረጃው ይወርድ ነበር። ለዚህ ፒአርግስ የሚባል ለብቻው የተሠራ ኮማንድ አላቸው። ሊኑክስም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ 2015 ላይ 4.2 የተባለው ከርነል እስኪመጣ ድረስ ሲኤምዲላይን ከ4096 ባይት በላይ አታሳይም ነበር።

አንዳንዴ ፋይሏ ባዶ ሆና ታገኛታለህ። ያኔ ነገሩ ሁለት ነው። ወይ የከርነሉ የራሱ የቤት ልጅ ነው፣ ማንም በኮማንድ ያልላከው፤ ፒኤስ እንዲህ ዓይነቱን ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ከቦ ያሳየዋል። ወይ ደግሞ ዞምቢ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ምስኪን ነው። የተላከበትን ጨርሶ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ የላከው ግን «እሺ፣ ምን አሉህ?» ብሎ አልተቀበለውም። ተልእኮውንም አያስታውስም፣ ሜሞሪው ተወስዷል። ከቁጥሩና ከስሙ በቀር ብዙም የቀረው የለም። ዞምቢን መግደል አይቻልም፤ ቀድሞ ሞቷል። ወላጁን ነው ማነጋገር።

አሁን እትዬ ጋ ልመለስ።

ያን የሐምሌውን ጣጣ ካጸዳሁ በኋላ ሙሉ ዝርዝሩን አወጣሁ። የማሽኑን ልጆች ሁሉ ላውቃቸው ፈለግኩ። መሐል ላይ ባክአፕ የሚወስድ ፕሮግራም አለ፣ ከእኔ በፊት የተተከለ፣ ተገዝቶ የመጣ። አርጉመንቱን አነበብኩ። የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ ከዚያ ፓስወርዱ። ፊት ለፊት፣ ከነቃለ አጋኖው።

ልብ በል፣ ይህን ለማየት የአስተዳዳሪ ፈቃድ አያስፈልግም። ሲኤምዲላይን በተለመደው አቀማመጥ ለማንም ክፍት ናት። በዚያ ማሽን ላይ ስድስት ሰው መግቢያ አለው፤ አንዱ ለሁለት ወር ልምምድ የመጣ ተማሪ ነው። ማንኛቸውም ፒኤስን በትክክለኛው ምርጫ ቢያዙ የድርጅቱን ሒሳብ ሁሉ ቁልፍ ያገኛሉ። ዱቤውን ጮኾ እየደጋገመ የሚወርድ ልጅ ማለት ይሄ ነው።

እማዬ ከዚያ የቡና ቀን በኋላ ዘዴ ቀይራ ነበር። ለስኳሩ በቃል ትልከኛለች። የሚደበቅ ነገር ሲሆን ግን ወረቀት ላይ ትጽፍና ከገንዘቡ ጋር መሐረብ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። «ቋጠሮውን ለእሱ ስጠው፣ አንተ አትፍታው።» እትዬ ሲያስቆሙኝም የምናገረው አልነበረኝም። ዩኒክስም ይሄው ቋጠሮ አለው። ፓስወርዱን ፋይል ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ ፈቃዱን ለባለቤቱ ብቻ ትተዋለህ፣ በአርጉመንት የምትነግረው የፋይሉን ቦታ ብቻ ነው። ወይም በኢንቫይሮንመንት፣ ማለትም ፕሮሰሱ ሲነሳ አብሮት በሚሄደው ማስታወሻ፣ በኩል ትሰጠዋለህ። እሱም በፕሮክ ውስጥ የራሱ ፋይል አለው፣ ግን ከባለቤቱና ከሩት፣ ከማሽኑ አስተዳዳሪ፣ በቀር ማንም አያነበውም። እኔ ፋይሉን እመርጣለሁ። ኢንቫይሮንመንት ለልጅ ልጅ ሁሉ ይወረሳል፣ ማን ጋ እንደሚደርስ አታውቅም።

ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ፓስወርድ በአርጉመንት ብትሰጠው ራሱ በኤክስ ይሸፍነዋል። ያ የሚያጽናናው ሰው አለ። ግን ልጁ ከንፈሩን የሚገጥመው ከበር ከወጣ በኋላ ነው። ትንሽ ቅጽበት ብትሆንም ክፍት ናት፣ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

እንዴት ነው ግን የሚሸፍነው? የተላከበትን ቃል አንድ ፕሮሰስ ራሱ መቀየር ይችላል ማለት ነው? ይችላል። እኔን ብዙ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ከርነሉ አርጉመንቱን በራሱ መዝገብ አይጽፍም። የሚይዘው በፕሮሰሱ ሜሞሪ ውስጥ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ብቻ ነው። አንተ ስትጠይቅ ሄዶ ከዚያ ያነብልሃል። የምትሰማው እንግዲህ የላኪውን ድምፅ ሳይሆን የልጁን አፍ ነው። ልጁ ደግሞ በመንገድ ላይ ቃሉን ሊቀይር ይችላል። አንዳንዱ ለደግ ነው የሚቀይረው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ በየቅጽበቱ ምን ላይ እንዳለ እዚያ ላይ ይጽፋል፤ ማን ገባ፣ የትኛው ዳታቤዝ፣ ሥራ ፈትቶ ይሁን እየሠራ። እግዜር ይስጠው። ሌላው ግን ለክፋት ነው።

አንድ ጊዜ የሰው ማሽን እይልኝ ተባልኩ። በጣም ይግላል፣ ፕሮሰሰሩ ያለ ዕረፍት ይሮጣል። ዝርዝሩ ላይ በማዕዘን ቅንፍ የተከበበ፣ የከርነሉን የቤት ልጅ የሚመስል ስም አለ። ሳያዩት ያልፋሉ፣ የቤት ልጅ ነዋ። ሲኤምዲላይኑን ስከፍተው ግን ባዶ አይደለም፤ ቅንፉ ራሱ እዚያ ተጽፏል። የእውነት የቤት ልጅ ቅንፍ አይጽፍም፣ ቅንፉን ፒኤስ ነው የሚያደርግለት። ቀጥዬ ኤክስኢ የምትባለውን አገናኝ አየሁ፤ የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የምታሳየው ከርነሉ የሚመሰክርባት ናት፣ ከልጁ አፍ አትወጣም። ጊዜያዊ ፋይሎች የሚጣሉበት ፎልደር ውስጥ ወዳለች አንዲት ፋይል ትጠቁማለች። የወላጁን ቁጥርም አየሁ። የከርነሉ ልጆች ወላጅ ቁጥሩ 2 የሆነው ፕሮሰስ ነው፤ የዚህ ግን ሌላ ነው። በሰው መብራት ክሪፕቶ ሲያመርት የከረመ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠረጠርኩትን ፕሮሰስ ቃሉን እሰማና ሄጄ እግሩን አያለሁ።

የኮምቦልቻው ባክአፕ አላለቀም። ፕሮግራሙ ፓስወርዱን ከአርጉመንት በቀር በሌላ መንገድ አይቀበልም። ለሠሩት ሰዎች ጻፍኩላቸው። «አብሽር፣ በሚቀጥለው ቨርዥን» አሉኝ። እስከዚያ ብዬ ሃይድፒድ የሚባለውን ምርጫ አበራሁ፤ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሰው የራሱን ፕሮሰስ ብቻ እንዲያይ ያደርጋል። በማግስቱ የክትትሉ ግራፍ ባዶ ሆነ። ክትትሉም ለካ እንደ እትዬ እየጠየቀ ነበር የሚኖረው። ለእሱ ብቻ በግሩፕ ፈቃድ ከፈትኩለት። ተማሪው ልምምዱን ጨርሶ ሄዷል። ፓስወርዱን ቀይሬዋለሁ፣ አዲሱም እዚያው መስመር ላይ ነው የሚሰጠው፣ ሌላ መንገድ የለማ።

ከትናንት ወዲያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ገብቼ አየሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ተነሳ። አስራ አንድ ደቂቃ ያህል፣ ፓስወርዱን ከነቃለ አጋኖው እየደጋገመ ሄደ። ከዚያ ጠፋ።